ይቅር ብላለች

የቤተ ክርስቲያኑ ወጣቶች «እትዬ ራሴ» ይሏታል። «ማን ይሂድ?» ሲባል ከሁሉ ቀድማ «ራሴ» ስለምትል የወጣላት ስም ነው። የታመመ ሲጠየቅ ራሴ፣ የተኳረፈ ሲታረቅ ራሴ፣ ከመንገዱ ማዶ ላለ ሰው አንድ ቃል ብቻ ማድረስ ቢያስፈልግም ራሴ። ከመዘምራኑ አንዷ፣ ድምፀ ቀጭን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የአረጋውያን ጥየቃው ቀን በደረሰ ቁጥር «ቅዳሜ ሲመጣ ራሴን ያመኛል» ትላለች። የትኛውን ራሴ እንደሆነ ለጓደኞቿ መንገር አያስፈልጋትም። ቀልዱ ከእትዬ ራሴም ጆሮ ደርሶ ከልቧ አስቋታል።

ሥራዋ በአንድ የላውንደሪ ቤት ጓዳ ልብስ ማስተካከል ነው፤ ዚፕ ትቀይራለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች፣ የተበጠሰ ቁልፍ ትተክላለች። ከመተኮሻው የሚነሳው እንፋሎት መስኮቱን ከጠዋት እስከ ማታ ስለሚያላበው፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መንገዱን ያየችው እንደ ጥላ ነው። ኪስ ውስጥ የተረሳ ወረቀት ወይም ፎቶ ካገኘች በማንም አትልክም። መጋረጃውን ገልጣ ወጥታ ለባለቤቱ እጅ በእጅ ትሰጣለች። አሠሪዋ አንድ ቀን «ሴትዮ፣ አስረካቢ ነሽ ወይስ ሰፊ?» ብሎ ተቆጥቷት ነበር። መርፌዋን ከከንፈሯ አውጥታ ሥራዋን ቀጠለች።

ወጣቶቹ ይህን ሁሉ የፍቅር ጉዳይ አድርገው ይወስዱታል። አልተሳሳቱም፤ ግን ሙሉውን አያውቁም።

ከሃያ አምስት ዓመት በፊት እሷም ዘማሪ ነበረች። እናታቸው አልጋ ላይ የዋሉት ዓመት ከሰባት ወር ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ እናታቸውን ያጠበች፣ የመገበች፣ አንሶላ የቀየረች ታላቅ እህቷ ናት። ታናሺቱ ልምምድ አለባት። ማክሰኞ ልምምድ፣ ሐሙስ ልምምድ፣ ቅዳሜ ደግሞ ሌላ አጥቢያ ሄዶ ማገልገል። በዚያ ዓመት መዘምራኑ ካጠኗቸው አሥራ አንድ መዝሙሮች ዘጠኙ ስለ ፍቅር ነበሩ።

አንድ ማክሰኞ ታናሺቱ ጫማዋን ስታስር፣ ታላቅየዋ እስከ ክርኗ የሳሙና አረፋ እንደለበሰች ከመኝታ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ድምጿን አላነሳችም። «አንቺ ዘምሪ፤ እኔ አጥባለሁ» ብላ ተመለሰች። ስድብ ቢሆን ኖሮ በስድብ ይመለስ ነበር። ታናሺቱ ግን የጀመረችውን ጫማ አስራ ወጣች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለቱ እህትማማቾች በአንድ ቤት እየኖሩ ቃል አልተለዋወጡም። እናታቸው ሲቀበሩም በአንድ አግዳሚ ወንበር ሁለት ጫፍ ተቀምጠው ነበር፤ መካከላቸው ሦስት ሰው ያስቀምጥ ነበር፣ ማንም ግን አልተቀመጠበትም። ከቀብሩ በኋላ ታናሺቱ ቤት ተከራይታ ወጣች።

ሁለት ዓመት አለፈና ታላቅየዋ ታማ ሆስፒታል መግባቷ ተሰማ። አራተኛ ፎቅ፣ የሴቶች ክፍል። ታናሺቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሥራዋን አስፈቅዳ ሄደች። የጠያቂ ሰዓት ስለነበር የከለከላት አልነበረም። ደረጃው ሥር ስትደርስ ግን እግሯ እንቢ አላት። ብታባርረኝስ? በሰው መሐል ፊቷን ወደ ግድግዳ ብታዞርብኝስ? ስታመነታ ቆይታ ወደ በሩ ተመለሰችና ዘበኛውን ለመነችው። አራተኛ ፎቅ ወጥቶ፣ «እህትሽ መጥታለች፤ ትግባ ወይ?» እንዲልላት ነው የለመነችው። ዘበኛው ግራ ቅንድቡን ለሁለት የሚከፍል ጠባሳ ያለው ጎልማሳ ነበር። እሺ ብሏት ወጣ። ቆየ። ሲመለስ ጉሮሮውን ጠረገና፣

«ይቅር ብላለች» አላት።

ይህ ቃል ሁለት በር አለው። «ይቅር» ያለ ሰው የበደለውን ምሮ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ደግሞ «ይተው፣ አያስፈልግም» ብሎ ዘግቶ ሊሆን ይችላል። ፈርቶ የመጣ ጆሮ የሚሰማው የፈራውን ነውና እሷ የሰማችው መዝጊያውን ነው። «ምን ማለትዎ ነው?» ብላ አልጠየቀችም። ዘበኛውን አመሰገነች፣ ጃንጥላዋን ዘረጋች፣ ወደ ልምምድ ሄደች። ሐሙስ ነበር።

ሰኞ ጠዋት እህቷ አረፈች።

በቀብሩ ማግስት አንዲት ሴት ሐዘን ልትደርስ መጣች፤ ሆስፒታል ውስጥ ከእህቷ አጠገብ ተኝታ የነበረች ናት። «ዓይኗ ከበሩ ላይ አልተነሳም ነበር እኮ» አለቻት። ሌላ የምታውቀው ነገር አልነበራትም፤ ይህን ብላ ሄደች። ያን ጊዜ የቃሉ ሌላኛው በር ተከፈተ። እህቴ ይቅር ያለችው ምሕረቱን ቢሆንስ? ይቅር ብላ፣ ትግባ ብላ፣ በሩን በሩን እያየች ጠብቃ ቢሆንስ?

ሃያ አንድ ዓመት ይህን ስትመዝን ኖረች። የስፌት መኪናው ሲሮጥ ይቅር-ብላለች፣ ይቅር-ብላለች ይላታል። ምቱን ለማሳት ፔዳሉን ቀስ አድርጋ ትረግጣለች፤ ያን ጊዜ ቃሉ እየተጎተተ ይመጣል። ከመዘምራኑ ወጣች። እሁድ እሁድ ከምእመናኑ ጋር ስትቆም ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምጿ አይወጣም። «ራሴ» የሚለው ልማድም ያመጣው ይኸው ነው። በሰው የተላከ ቃል ምን እንደሚሠራ የምታውቅ ሰው ሌላ ምን ትበል?

ባለፈው ዓመት ወጣቶቹን ይዛ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ የአረጋውያን ማረፊያ መጠየቅ ጀመረች። ሲጀምሩ አሥራ አንድ ነበሩ፤ በአራተኛው ቅዳሜ አራት ብቻ ቀሩ። ከመግቢያው በስተቀኝ ባለው ክፍል፣ ግድግዳ ጥግ ባለ አልጋ ላይ፣ ግራ ጎኑ ሽባ የሆነ ሽማግሌ ተኝቶ ነበር። ሰው ሁሉ ይሸሸዋል። ያጎረሰውን ይሰድባል፣ የጸለየለትን «ቀስ በል፣ ጌታ ደንቆሮ አይደለም» ይላል፣ ድምፀ ቀጭኗን ተማሪ ገና በመጀመሪያው ቀን «ፉጨት» ብሎ ስም አውጥቶላታል። እትዬ ራሴ ትራሱን ልታስተካክል ጎንበስ ስትል ግራ ቅንድቡን ለሁለት የሚከፍለውን ጠባሳ አየች።

እሱ አላወቃትም። እንዴት ያውቃታል? የሆስፒታል በር ስንት ሰው ይገባበታል። እሷ ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። በዚህች ምድር ላይ እህቷ ስለ እሷ የተናገረችውን የመጨረሻ ቃል የሰማ ሰው ይህ ብቻ ነው። በምን ድምፅ አለችው? ፊቷ ፈካ ወይስ ዞረ?

የዚያን ቀን ሊወጡ ሲሉ ሽማግሌው ከኋላቸው፣ «እናንተ ክርስቲያኖች የምትወዱት ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው? እሁድ ሽባው ጎኔ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል?» አላቸው። ልጆቹ ሳቁ። እሷ አልሳቀችም። በማግስቱ ብቻዋን መጣች። ከዚያም በየቀኑ፣ ከሥራ በፊት፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ትደርሳለች። ሠላሳ አራት አልጋ ላለው ቤት ሁለት አስታማሚዎች ብቻ ስለነበሩ አልተቃወሟትም። ታጥበዋለች፣ ትገለብጠዋለች፣ ቅባት ትቀባዋለች፣ ስድቡን ትቀበላለች። በአፏ «እርስዎ» ትለዋለች። በልቧ ግን «እሱ» ነበር።

ይህን ያየችው ተማሪ አንድ ቅዳሜ እቃ ሲያጥቡ፣ «እትዬ፣ እኚህን ሰው እንዴት ነው የሚወዷቸው? እኔ ሽታውን እንኳ አልቻልኩትም» አለቻት። እትዬ ራሴ እጇን በጨርቅ አደረቀች። ከዚያ እንዲህ አለቻት፦ «ጌታ መልእክተኛ ብቻ ልኮ አልቀረም፤ ራሱ መጣ። ሽታችን ውስጥ ገባ። እኛም ፍቅርን ሰው አንላክበት፤ ራሳችን እንሂድ።» ተማሪዋ ማስታወሻ ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው። እትዬ ራሴ ዞር አለች፤ ፊቷ ግሎ ነበር። የተናገረችው ሁሉ እውነት ነው። በየማለዳው እዚህ የሚያመጣት ግን ያ ብቻ አልነበረም።

ስለዚያ ሐሙስ አራት ጊዜ ጠየቀችው። የራሷ ታሪክ መሆኑን ሳትነግር፣ ዙሪያውን እየዞረች ነው የጠየቀችው። ሆስፒታሉ በር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ቆመዋል አይደል? መልእክት ያደርሱ ነበር አይደል? አራተኛ ፎቅ፣ የሴቶች ክፍል የተኛች፣ «እህትሽ መጥታለች» የተባለች ሴት ትዝ ትልዎታለች? አንዴ አላስታውስም አላት፤ አንዴ እንቅልፍ የወሰደው መሰለ፤ አንዴ «ፖሊስ ነሽ?» አላት። በአራተኛው ደግሞ የሴቶቹን ነገር ለነርሶቹ ተዪው ብሎ ቀለደባት።

በአምስተኛው ወር፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ በግራ ጎኑ ወደ ግድግዳው አዙራው ጀርባውን እያጠበች ሳለ፣ ሳትጠይቀው እሱ ጀመረ።

«የአራተኛ ፎቅን ነገር አትለቂኝም አይደል? በቃ እውነቱን ልንገርሽ። እኔ አራተኛ ፎቅ ወጥቼ አላውቅም።»

እጇ ጨርቁን እንደያዘ ቆመ።

ሽማግሌው ለግድግዳው እያወራ ቀጠለ። ሊፍቱ እሱ ሳይቀጠር በፊት የተበላሸ ነው። የእሱ ጉልበት ደግሞ ከሊፍቱ የባሰ ነበር፤ ከሁለተኛ ፎቅ በላይ እንደ ምስማር ይወጋው ነበር። ይህን ቢናገር ከሥራ ይባረራል። ስለዚህ ሁለተኛው ፎቅ መስኮት ላይ ይቀመጥና፣ የወጣ የሚያስመስለውን ያህል ቆይቶ ይወርዳል። ለአንዱ «ተኝታለች» ይላል፤ ለሌላው «ሐኪም ይዟታል» ይላል።

«ፊቱ የፈራ ሲሆን ደግሞ 'ይቅር ብላለች' እለዋለሁ» አለ። «የፈራ ሰው ይቅር ሲሉት እፎይ ይላል። አመስግኖኝ ይሄዳል። አንድም ሰው 'ምን ማለትህ ነው?' ብሎኝ አያውቅም። ደግ የሠራሁ ነበር የሚመስለኝ።»

ከጨርቁ ላይ ውኃ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል። ሽማግሌው አንገቱን ሊያዞር ሞከረ፣ አልሆነለትም።

«ከእነሱ አንዷ አንቺ ነበርሽ?» አለ።

ጨርቁን ሳህኑ ውስጥ አስቀመጠች። ጀርባው እርጥብ ነው፤ ሸሚዙ እስከ ትከሻው እንደተገለበ ነው፤ ፊቱ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አይርቅም። እንደዚያው ትታው ወጣች። ኮሪደሩ መሐል ስትደርስ ድምፁ ተከተላት።

«ልብሴን» ይላል። «ኧረ ቢያንስ ልብሴን።»

ከዚያ ወደ ሥራዋ ሄዳ ሦስት ሱሪ አሳጠረች፤ ሦስቱም ልክ ነበሩ። ሃያ አንድ ዓመት ጉም ስትዘግን ኖራለች። ምሕረትም መዝጊያም አልነበረም፤ ቃሉ የእህቷ አልነበረም። ከዚህ ሁሉ የባሰውም መጣባት፤ እህቷ ከነጭራሹ መምጣቷን እንኳ ሳታውቅ ነው የሞተችው። በሩን በሩን ያየችው ማንም ሳይመጣ ነው። ሐሙስ አልሄደችም። ዓርብ አልሄደችም። ቅዳሜ ለወጣቶቹ «አሞኛል» ብላ በስልክ አስነገረች። ይህችው «ራሴ» የምትለዋ ሴት በሰው ላከች። የላከችውም ውሸት ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሯ ተንኳኳ። ድምፀ ቀጭኗ ተማሪ ናት። እጅጌዋ እስከ ክርኗ እርጥብ ነው፤ ዓይኗ አብጧል።

ልጅቱ አንዷን ወንበር ለእትዬ ራሴ ትታ መሬት ተቀመጠችና የሆነውን ነገረቻት። ሦስቱ ልጆች ፈተና ስላለባቸው ብቻዋን ነበር የሄደችው። አስታማሚዎቹ ሽማግሌውን አልብሰውታል፤ ግን በቀን አንዴ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ብቻ ነው የሚያዞሩት። ግራ ዳሌው ላይ ቁስል ተከፍቷል። ልትገለብጠው ስትሞክር ጮኸባት፣ ሰደባት፣ ደንግጣ በግማሹ ለቀቀችው። ኮሪደር ወጥታ አለቀሰች። ተመልሳ ገባች፤ በድጋሚ ሰደባት።

«ለእትዬ የምነግርልዎት ነገር አለ ወይ ስላቸው» አለች ልጅቱ፣ «አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። 'አይ፣ እኔ በመልእክት አላምንም' አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም።»

እትዬ ራሴ ልጅቱ «ለምን አልመጡም?» ብላ ትጠይቀኛለች ብላ ጠበቀች። አልጠየቀችም።

«የመጣሁት ላስቸግርዎት አይደለም» አለች። «ሰው ሳያመው እንዴት ነው የሚገለበጠው? ያንን ያሳዩኝ። ነገም እሄዳለሁ።»

እትዬ ራሴ ልጅቱን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ሽታውን አልቻልኩትም ያለችው ይህችው ናት። ጠረኑ አሁን ልብሷ ላይ ነው።

ተነሳችና የራሷ አልጋ ላይ በጀርባዋ ተኛች። «ነይ፣ እኔን ገልብጪኝ» አለቻት።

«እንዴ፣ እትዬ!»

«ነይ እንጂ። በቃል አይለመድም።»

ፊቷን ወደ ጣሪያው አድርጋ አንድ በአንድ ነገረቻት። ሳትነግሪ አትንኪ፤ መጀመሪያ ወደየት እንደምታዞሪ ተናገሪ። ጉልበቱን እጠፊው። አንድ እጅ ትከሻ ላይ፣ አንድ እጅ ዳሌ ላይ፤ ክንዱን እንዳትጎትቺ። ቀስ። ካዞርሽ በኋላ እጅሽን ቶሎ አታንሺ፤ ገደል የገባ ነው የሚመስለው። ልጅቱ እየሳቀች ጀመረች፤ ከዚያ ሳቋን ተወች። «እትዬ፣ ወደ ግራ ላዞርዎት ነው» አለችና አዞረቻት።

ፊቷ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ላይ ቆመ። የኖራው ስንጥቅ፣ የአሮጌ ምስማር ቀዳዳ፤ ሌላ የሚታይ የለም። ሸሚዟ ከጀርባዋ ስለተሰበሰበ ብርድ ገባ። ከረቡዕ ጀምሮ እሱ ያየው ይህንን ነው። የልጅቱ እጅ እንደተባለው ዳሌዋ ላይ አልተነሳም። በዕድሜዋ እናቷን አንዲት ጊዜ እንኳ ገልብጣ አታውቅም። የቻለችውን ሁሉ የተማረችው በዚህ ሽማግሌ ገላ ላይ ነው። እህቷ ግን ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር፤ ዓመት ከሰባት ወር፣ ማንም ሳያሳያት።

ሦስት ቀን ሙሉ ስትሸሸው የነበረው ነገር እዚያ ግድግዳ ሥር ያዛት። ያ ሰው በታመመ ጉልበቱ ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቷል። እሷ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ እግሯ ጤነኛ ነበር፤ አንዲት ደረጃ አልወጣችም።

ከዚያ ለማንም ነግራ የማታውቀውን ለግድግዳው ነገረች። ሳሙናውን፣ አግዳሚ ወንበሩን፣ ሐሙስን፣ ሁለተኛውን ፎቅ፣ እርጥብ ጀርባውን ትታ መውጣቷን፣ ዛሬ የላከችውን ውሸት። ልጅቱ እስክትጨርስ ድረስ እጇን አላነሳችም።

ተነስታ ስትቀመጥ ፊቷን በሻሿ ጠረገችና ጫማዋን ፈለገች።

አመሻሹ ላይ ከልጅቱ ጋር ማረፊያው ስትደርስ ሽማግሌው በሩ ላይ አዩዋትና ዓይናቸውን ጨፈኑ። አጠገባቸው ደርሳ፣ «አባባ፣ ወደ ቀኝ ላዞርዎት ነው» አለቻቸው። ልጅቱ ዳሌያቸውን ያዘችላት። «ይቅርታ ልልሽ ነበር» አሉ ወደ ቀኝ ከዞሩ በኋላ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። እሷም «እሰማዎታለሁ፤ እስቲ መጀመሪያ ጀርባዎን ልየው» አለች።

ሽማግሌው ከዚያ በኋላ አርባ ሦስት ቀን ኖሩ። «ይቅር ብዬዎታለሁ» የሚል ቃል ከአፏ የሰማ የለም። ምናልባት አልተባለም። ያንን ቃል መልሶ አፍ ውስጥ ማስገባት ቀላል አልነበረም፤ አንዳንድ ጠዋት ማረፊያው በር ላይ ደርሳ እንደገና እግሯ ይይዛት ነበር። ግን ትገባለች። ወጣቶቹ ልባችን እስኪሞቅ እንጠብቅ ሲሏት፣ ልብ አንካሳ ነው፣ እጅ ይቅደም፣ እሱ እያነከሰ ይደርሳል ትላቸዋለች። ድምፀ ቀጭኗ ልጅ ሌሎቹን መልሳ ሰብስባቸው አሁን ዘጠኝ ናቸው፤ ቀናቱን ተከፋፍለው አሥራ ሰባት አልጋ ይዘዋል። የመዝሙር ልምምዱ ከሐሙስ ወደ ሌላ ቀን ተዛውሯል፤ ያዛወሩት እነሱ ናቸው፣ ማንም ሳይነግራቸው።

በእነዚያ ሦስት ቀናት የተከፈተው የሽማግሌው ቁስል አልዳነም። መጀመሪያ የአውራ ጣት ያህል ነበር፣ በኋላ እየሰፋ ሄደ፤ ሐኪሙ በዚህ ዕድሜ የተከፈተ አይገጥምም አለ። ልጆቹ የቀሩትን ሥራዎች ሁሉ ተካፈሏት፤ ማጉረሱን፣ አንሶላውን፣ መላጨቱን። ቁስሉን ግን እስከ አርባ ሦስተኛው ቀን ድረስ ለማንም አልሰጠችም።